ነፃ ሶፍትዌር በገንዘብ ይሸጣል? ፈቃዱ የሚለውና ገበያው የሚያደርገው

በ2022 አጋማሽ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ፕሮግራም የሚገዙበትንና የሚያወርዱበትን መደብር ደንብ አሻሽሎ አወጣ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአዲሶቹ አንቀጾች አንዱ፣ ምንጭ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተሠራበት፣ ሰው አንብቦ ሊያርመው የሚችለው ጽሑፍ) ክፍት የሆነን ወይም በሌላ መንገድ ለማንም በነፃ የሚገኝን ሶፍትዌር በመደብሩ ውስጥ ለትርፍ ማቅረብን ይከለክል ነበር። የክልከላው ምክንያት ለሰማው ሰው ሁሉ ቅን ይመስላል፤ ሌሎች ለዓመታት የደከሙበትን ፕሮግራም አውርደው፣ ስሙን ትንሽ ለወጥ አድርገውና ዋጋ ለጥፈውበት ነገሩን ለማያውቅ ሰው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉና። ይሁን እንጂ ደንቡ ከታወጀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ብርቱ ተቃውሞ የተነሣው ከእነዚያ ነጋዴዎች ሳይሆን፣ ደንቡ ይጠብቃቸዋል ከተባሉት ከነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች ወገን ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ማየት ይበቃል። ክሪታን የሚያስተዳድረው መቀመጫው ኔዘርላንድስ የሆነ አነስተኛ ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ፕሮግራሙን ከድረ ገጹ ማንም ሰው አምስት ሳንቲም ሳይከፍል ያወርደዋል። ያው ፕሮግራም ግን በማይክሮሶፍት መደብርና ስቲም በተባለው የጨዋታና የሶፍትዌር መደብር በዋጋ ይሸጣል። ገዢው የሚያገኘው በይዘቱ ከነፃው የተለየ ፕሮግራም አይደለም። የሚያገኘው በአንድ ጠቅታ የሚጫንና አዲስ እትም በወጣ ቁጥር በራሱ የሚታደስ ቅጂ ነው፤ በዚያም ላይ ከከፈለው ገንዘብ የመደብሩ ድርሻ ተቀንሶ የሚቀረው ፕሮግራሙን ለሚሠሩት ሰዎች እንደሚደርስ ያውቃል። አዲሱ ደንብ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ በቅድሚያ የሚቋረጠው ይህ ገቢ ነበር። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ተቃውሞውን በይፋ ካሰማ በኋላ ማይክሮሶፍት የደንቡን ተፈጻሚነት አዘገየ፤ ከዚያም ስለ ክፍት ምንጭ የሚናገረውን ሐረግ ጨርሶ አወጣው። በዚያው ዓመት ሊብሬኦፊስን የሚያስተዳድረው ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን በራሱ ድረ ገጽ በነፃ የሚያድለውን ይህንኑ የቢሮ ፕሮግራም በአፕል የማክ መደብር በ8.99 ዩሮ መሸጥ ጀመረ።

እንግዲህ ጥያቄው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ሊሸጥ ይገባዋል ወይ የሚል ከሆነ፣ የዚህ ጸሐፊ መልስ አዎን ነው። ነውሩ ያለው ዋጋ በመጠየቁ ላይ ሳይሆን፣ ሻጩ ለገዢው በሚደብቀው ነገርና ከገዢው በሚነጥቀው መብት ላይ ነው። ይህ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ፣ ከመሠረቱ መነሣት ይሻላል።

ሶፍትዌር እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ በቅጂ መብት የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። ስለዚህ ደራሲው ምንም ሳይናገር ዝም ካለ፣ ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ተለጥፎ ቢገኝ እንኳ ሌላው ሰው የመቅዳትም ሆነ የማሰራጨት መብት የለውም። ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው ደራሲው መብቱን እርግፍ አድርጎ የተወው ሥራ ሳይሆን፣ መብቱን እንደያዘ ለማንኛውም ሰው በጽሑፍ ፈቃድ የሰጠበት ሥራ ነው። ፈቃዱም አራት ነገሮችን ይዘረዝራል፤ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ ውስጡን ከፍቶ ማጥናትና ማሻሻል፣ ቅጂውን ለሌላ ማስተላለፍ፣ የተሻሻለውንም እንዲሁ ማስተላለፍ። ከአራቱ ውስጥ ስለ ዋጋ የሚናገር አንድም የለም። በ1998 የተቋቋመው ኦፕን ሶርስ ኢኒሺዬቲቭ ባወጣው መለኪያ ደግሞ የመጀመሪያው አንቀጽ ራሱ፣ ፈቃዱ ማንንም ሰው ሶፍትዌሩን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር በአንድ ጥቅል አድርጎ ከመሸጥ ሊያግድ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ስድስተኛው አንቀጽ ንግድን ጨምሮ ማንኛውንም የሥራ መስክ ለይቶ መከልከልን አይፈቅድም። «ለንግድ እንዳይውል» የሚል ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበት ፕሮግራም፣ ምንም እንኳ በነፃ ቢወርድና ኮዱ ለዓይን ክፍት ቢሆን፣ በዚህ መለኪያ ክፍት ምንጭ አይባልም።

የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ራሱ ሻጭ ነበር። ስቶልማን ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት በ1983 ካወጀ በኋላ ይሠራበት ከነበረው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራውን ለቀቀ፤ በ1985 ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሙን በማግኔት ቴፕ ቀድቶ በ150 ዶላር በፖስታ ይልክ ጀመር። የኔትወርክ መስመር ያለው ሰው ያንኑ ፕሮግራም ያለ ክፍያ መውሰድ ይችል ነበር፤ በዚያ ዘመን ግን አብዛኛው ሰው መስመሩ አልነበረውምና ቴፑን ገዝቶ ይወስዳል። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንም ቅጂ በመሸጥ ለዓመታት ገቢ ሲያገኝ ቆይቷል፤ እስከ ዛሬም ሻጮች የቻሉትን ያህል እንዲያስከፍሉ በግልጽ ያበረታታል።

ይበልጥ የሚያስገርመው ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰው መሠረታዊ ፕሮግራም የሊኑክስ ታሪክ ነው። ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ የጻፈለት ፈቃድ ማንም ሰው ፕሮግራሙን ሲያሰራጭ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክል ነበር፤ የፍሎፒ ዲስክ ዋጋ እንኳ አይፈቀድም። ሐሳቡ የዋህ ነበር፤ ውጤቱ ግን ሊያሰራጩለት የሚፈልጉ ሰዎችን እጅ ማሰር ሆነ። የተጠቃሚዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ዲስክ ቀድቶ የሚያድል ሰው የዲስኩን ዋጋ መልሶ ካላገኘ ከኪሱ ይከስራልና። ቶርቫልድስ በ1992 መጀመሪያ ክልከላውን አንሥቶ የግኑን ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ፣ በምህጻሩ ጂፒኤልን፣ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ሊኑክስን በሲዲ እያባዙ የሚሸጡ ድርጅቶች በአሜሪካና በአውሮፓ ብቅ ብቅ አሉ፤ የሊኑክስ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ ወደ ባንክና ወደ ቴሌኮም ሰርቨር መግባት ያለ እነዚህ ሻጮች የሚታሰብ አልነበረም። ክልከላው ቢቀጥል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገር ባይችልም፣ ዛሬ የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ እምብርት የሆነው ፕሮግራም ያንን ያህል ይስፋፋ ነበር ብሎ ማሰብ ያዳግታል።

አሁን ጂፒኤል ራሱ የሚለውን ቀረብ ብለን እንመልከት። በ2007 የወጣው ሦስተኛው እትም አራተኛ አንቀጽ፣ ቅጂውን የሚያስተላልፍ ሰው የፈለገውን ዋጋ ሊጠይቅ ወይም ምንም ላይጠይቅ እንደሚችል፣ በክፍያም ድጋፍ ወይም ዋስትና ሊሰጥ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ግዴታዎቹ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። የተሠራውን ፕሮግራም የሸጠ ሰው ምንጭ ኮዱንም ለገዢው አብሮ መስጠት ወይም የሚያገኝበትን መንገድ ማመቻቸት አለበት፤ ኮዱን በኋላ በዲስክ እልካለሁ ብሎ በጽሑፍ ቃል ከገባም የሚያስከፍለው ከመላኪያው ወጪ ሊበልጥ አይችልም። በገዢው ላይ ፈቃዱ የማያውቀውን ተጨማሪ ገደብ መጫንም ክልክል ነው። ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ፤ ጂፒኤል ኮዱን ለዓለም ሁሉ አውጡ አይልም። ግዴታው ፕሮግራሙን ለተቀበለው ሰው ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ፕሮግራም አሻሽሎ የሸጠ ባለሙያ ኮዱን ለዚያ መሥሪያ ቤት ከሰጠ ፈቃዱን አክብሯል፤ መሥሪያ ቤቱ ከፈለገ ለሌላ ያስተላልፈው፣ ካልፈለገ ይተወው።

ሻጩ የፈለገውን ዋጋ መጠየቅ ከቻለ ለምን ሁሉም በዚህ አልከበረም? መልሱ እዚያው ፈቃዱ ውስጥ ነው። በ1,000 ብር የገዛ ሰው በማግሥቱ ያንኑ በ100 ብር ወይም በነፃ ሊያድለው መብት አለው። ስለዚህ የቅጂው ዋጋ ሕግ ሳያስገድደው በውድድር ብቻ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ይህ መውረድ ራሱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ የተከራከረ ሰው እንኳ ነበር፤ በአሜሪካ አንድ ግለሰብ፣ ጂፒኤል የሶፍትዌርን ዋጋ ዜሮ ላይ እንዲቆም ያደረገ የዋጋ ማሴር ነው፣ እኔ ገበያው ውስጥ እንዳልገባ አግዶኛል ብሎ ሊኑክስን ከሚያሰራጩት ኩባንያዎች አይቢኤምንና ሬድ ሃትን ከሰሰ። በ2006 ጉዳዩን ያየው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። ምክንያቱም የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ የቆመው ሸማቹ በርካሽ እንዲያገኝ ነው፤ ርካሽ በማግኘቱ ተጎዳ ሊባል አይችልም።

ቅጂው ዋጋ ካላወጣ ሌላ የሚሸጥ ነገር መፈለግ ግድ ነው። በዚህ ረገድ ከሬድ ሃት የበለጠ የሚያስተምር ኩባንያ የለም። ሬድ ሃት በ1990ዎቹ ሊኑክስን በካርቶን አሽጎ በኮምፒውተር መደብሮች ይሸጥ ነበር፤ በ2003 ግን ያንን ንግድ ዘግቶ ለድርጅቶች በዓመታዊ ክፍያ የሚቀርብ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ላይ አተኮረ። ባንኩ ወይም አየር መንገዱ በየዓመቱ የሚከፍለው ለፕሮግራሙ ፋይል አይደለም። የሚከፍለው የደኅንነት ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ መድፈኛው በቶሎ እንዲደርሰው፣ በዚህ ሰርቨር ላይ ይሠራል ተብሎ ተፈትሾ እንዲረጋገጥለት፣ ሌሊት ላይ ሲስተሙ ቢወድቅ ስልክ የሚያነሣ ሰው እንዲኖረው፣ ለዓመታትም ሳይለወጥ የሚቆይ እትም እንዲያገኝ ነው። ድርጅቱ በዚህ መንገድ በ2012 ዓመታዊ ገቢው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያው የክፍት ምንጭ ኩባንያ ሆነ፤ በ2019 ደግሞ አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ኮዱን ማንም በነፃ ሊወስደው የሚችል ድርጅት ይህን ያህል ማውጣቱ፣ ገዢው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ በሚገባ ያስረዳል።

ሌሎችም ኮዱን ወስደውታል። ሴንትኦኤስ የተባለው ፕሮጀክት የሬድ ሃትን ምንጭ ኮድ ወስዶ፣ የንግድ ምልክቱንና አርማውን ነቅሎ፣ ያንኑ ሲስተም በነፃ ያድል ነበር፤ ኦራክል የተባለው ኩባንያ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ በዚያው ኮድ ላይ የራሱን የድጋፍ አገልግሎት መሸጥ ያዘ። ልብ ይባል፤ ፈቃዱ ኮዱን እንጂ ስሙን አይሰጥም። የሬድ ሃት ስም በንግድ ምልክት ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ሌላው ሰው በዚያ ስም ሊነግድ አይችልም። ሬድ ሃት በ2020 መጨረሻ ሴንትኦኤስ በቀድሞ መልኩ እንደሚቋረጥ አስታወቀ፤ ቦታውን ለመተካት የተነሡት አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ የተወለዱት ከዚህ ነው። በ2023 ደግሞ ሙሉውን ምንጭ ኮድ ለደንበኞቹ ብቻ በደንበኞች መግቢያ በኩል መስጠት ጀመረ፤ ኮዱን አውጥቶ ያደለ ደንበኛ ውሉ ሊቋረጥበት እንደሚችልም የአገልግሎት ስምምነቱ ያሳያል። ኩባንያው ከላይ ባየነው የጂፒኤል አነጋገር መሠረት ግዴታው ለተቀባዩ ብቻ ነውና ፈቃዱን አልጣስኩም ይላል። በፊደሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደንበኛውን መብትህን ከተጠቀምክበት ከእኔ ጋር ያለህ ግንኙነት ያበቃል ማለት፣ በሌሎች ብዙ ሺህ ሰዎች ድካም ላይ ለቆመ ኩባንያ የሚያምር አካሄድ አይደለም።

ጂፒኤልን የመሰሉ ፈቃዶች የሚጠይቁትን ያህል የማይጠይቁም አሉ። የቢኤስዲና የኤምአይቲ ፈቃዶች የደራሲው ስምና የፈቃዱ ቃል እንዲቆይ ብቻ ነው የሚሹት፤ ወሳጁ ኮዱን ዘግቶ፣ የራሱ ምርት አድርጎ መሸጥ ይችላል። የሶኒ ፕሌይስቴሽን 4 ሲስተም የተመሠረተው ፍሪቢኤስዲ በተባለ ነፃ ሲስተም ላይ ነው። ለፍሪቢኤስዲ ጸሐፊዎች ይህ ስርቆት አይደለም፤ ፈቃዱን ሲመርጡ አስበውበታል።

ቁርሾው የበረታው ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት፣ ከመጣ በኋላ ነው። ጂፒኤል ግዴታ የሚጥለው ፕሮግራሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። አንድ ኩባንያ ግን ፕሮግራሙን በራሱ ሰርቨር ላይ ጭኖ አገልግሎቱን ብቻ በኢንተርኔት ቢሸጥ ምንም ቅጂ አላስተላለፈም፤ ስለዚህ ያሻሻለውን ኮድ የማሳየት ግዴታ የለበትም። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን አፌሮ ጂፒኤል የተባለ ፈቃድ ቢኖርም ብዙ ፕሮጀክቶች አልተጠቀሙበትም። ውጤቱም ኢላስቲክሰርችና ሬዲስ የመሳሰሉ በትናንሽ ኩባንያዎች የተሠሩ የዳታ ፕሮግራሞች በአማዞንና በመሰሎቹ ክላውድ ላይ በሰዓት ሒሳብ መከራየት ሆነ፤ ገንዘቡ የሚገባው ለሠሪው ሳይሆን ሰርቨሩ ላለው ነው። ኢላስቲክ በ2021፣ ሬዲስ በ2024 ፈቃዳቸውን ለውጠው ሶፍትዌሩን እንደ ክላውድ አገልግሎት አድርጎ መሸጥን የሚገድብ ቃል አስገቡ። አማዞንም የቀድሞውን የኢላስቲክሰርች ኮድ ይዞ ኦፕንሰርች የሚባል፣ ከዋናው ተገንጥሎ የሚያድግ ፕሮግራም አወጣ፤ የሬዲስን የቀድሞ ኮድ ይዘው ቫልኪ የሚባለውን በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ያቋቋሙት ደግሞ ከዚህ ቀደም ለሬዲስ ኮድ ሲጽፉ የነበሩ ሰዎችና ድርጅቶች ናቸው። በመጨረሻ ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025 አፌሮ ጂፒኤልን ከአማራጮቻቸው ጨምረው ወደ ክፍት ምንጭ ተመለሱ።

በዚህ ጠብ ውስጥ ከሠሪዎቹ ጎን መቆም ቀላል ነው፤ ትልቅ ኩባንያ በትንሽ ኩባንያ ድካም ሲከብር ማየት ያናድዳል። ሆኖም እነዚህ ኩባንያዎች ራሳቸው ያደጉት፣ ሶፍትዌሩ ለማንም ለፈለገው ሥራ ክፍት ነው ብለው በገቡት ቃል ነው፤ ከውጭ ሆኖ ስሕተት ሲያርምላቸውና ማስተካከያ ሲልክላቸው የኖረው ሰውም ያንን ቃል አምኖ ነው። ተጠቃሚው ከበዛና መውጫው ከጠበበ በኋላ ቃሉን ማጠፍ፣ ከመጀመሪያው ዋጋ ከመጠየቅ እጅግ የከፋ ነው። ገና ሲጀመር አፌሮ ጂፒኤልን መርጦ፣ ከግዴታው ለሚሸሽ ድርጅት ደግሞ ሌላ ፈቃድ በክፍያ መሸጥ ይቻል ነበር። የስዊድኑ ማይኤስኪውኤል ኩባንያ የጂፒኤልን ግዴታ ለማይፈልጉ ደንበኞች ሁለተኛ ፈቃድ እየሸጠ አድጎ፣ በ2008 ሰን ማይክሮሲስተምስ በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

ምንም የማይሸጥ ፕሮጀክት የሚደርስበትም ሊነገር ይገባል። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ተገኘ፤ ይህ ፕሮግራም የባንክ ይለፍ ቃልና የካርድ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ተመስጥሮ እንዲሄድ የሚያደርግ፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሰርቨሮች የተመኩበት ነው። ሲጣራ የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች የሚገለገሉበትን ይህን ሥራ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፕሮጀክቱ በስጦታ የሚያገኘውም በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከአደጋው በኋላ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክና ሌሎችም በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ አዋጡ። እስከዚያ ድረስ ግን ሁሉም በነፃ ወስዷል፤ የሸጠ የለም፣ የተጭበረበረ የለም፣ ሕግ የጣሰም የለም። መሸጥን ነውር አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ሁኔታ እንደ ንጹሕ ሊቆጥረው ነው ማለት ነው።

ወደ እውነተኛው ማጭበርበር እንምጣ። ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ወይም ኦፕንኦፊስ የተባለውን የቢሮ ፕሮግራም በፍለጋ የሚሻ ሰው፣ ከኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ይልቅ መልኩን አስመስሎ የተሠራ ሌላ ገጽ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ገጹ ለማውረድ የካርድ ቁጥር ይጠይቃል፤ አንዳንዱም ገንዘብ ሳይጠይቅ ከፕሮግራሙ ጋር ማስታወቂያ የሚያፈስ ወይም መረጃ የሚሰልል ሌላ ፕሮግራም ጠቅልሎ ይሰጣል። እዚህ ላይ ቅጂውን መሸጡ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ በፕሮግራሙ ባለቤት ስም መነገዱ የንግድ ምልክት ጥሰት ነው፣ ምንጭ ኮዱን መከልከሉ የፈቃድ ጥሰት ነው፣ ገዢው ነፃው ቅጂ መኖሩን እንዳያውቅ ማድረጉ ደግሞ ተራ ማታለል ነው። ማይክሮሶፍት ደንቡን ያረመው በዚህ መንገድ ነው፤ ዋጋውን ትቶ ወደ ስምና ወደ አእምሯዊ ንብረት ጥሰት ዞረ።

ይህ ሁሉ ከአማርኛ አንባቢ ርቆ ያለ ነገር አይደለም። በኮምፒውተርና በስልክ ላይ ግእዝ ፊደልን የምናነብባቸው አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች የሚታደሉት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በተባለ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ያልተለመደ አንቀጽ አለው፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ አይፈቀድም፣ ከሌላ ሶፍትዌር ጋር አብሮ መሸጥ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ አቢሲኒካን ለብቻው በፍላሽ አድርጎ በ200 ብር የሚሸጥ ሰው ፈቃዱን ጥሷል፤ ፎንቱን ውስጡ የያዘ የመዝገበ ቃላት መተግበሪያ የሚሸጥ ግን ፈቃዱን አክብሯል። ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በዚህ አንቀጽ ላይ የሰጠው አስተያየት ፈገግ ያሰኛል፤ ከፎንቱ ጋር «ሄሎ ወርልድ» ብሎ የሚጽፍ ሚጢጢ ፕሮግራም አያይዞ መሸጥ መስፈርቱን ስለሚያሟላ አንቀጹ ጉዳት የለውም ይላል። በፎንቱ ተጽፎ የታተመ መጽሐፍ፣ ቢልቦርድ ወይም የሠርግ ካርድ ላይ ፈቃዱ ምንም ጥያቄ አያነሣም፤ አሳታሚ ያለ ሥጋት ሊሸጥ ይችላል።

በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች «ሶፍትዌር እንጭናለን» የሚል ታፔላ የሰቀሉ ቤቶችም በዚሁ መለኪያ ሊታዩ ይገባል። ኢንተርኔት ቀርፋፋ ወይም ዳታው ውድ በሆነበት ቦታ ሊብሬኦፊስንና ቪኤልሲን አውርዶ፣ በፍላሽ ቀድቶ፣ የደንበኛውን ላፕቶፕ ፎርማት አድርጎ የሚጭን ልጅ የሚያስከፍለው የስቶልማንን ቴፕ ዓይነት ክፍያ ነው፤ ሙሉ መብት አለው። በዚያው ጠረጴዛ ላይ መቆለፊያው የተሰበረ ዊንዶውስና ፎቶሾፕ አብሮ መሸጡ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የእነዚያ ደራሲዎች ፈቃድ አልሰጡም። ሁለቱ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ፍላሽ ስለሚሄዱ ደንበኛው ልዩነቱን አያውቅም።

ጉዳዩ ከበድ የሚለው የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ድርጅት ሲገዛ ነው። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ሲስተም ነው፤ ለፈቃዱ ክፍያ የለውም፣ ሰርቨሩ፣ ሥልጠናውና ከአገሩ አሠራር ጋር ማስማማቱ ግን ወጪ አለው፣ ያንን የሚሠራ ባለሙያም መከፈል አለበት። ችግር የሚመጣው አንድ አቅራቢ ክፍት ምንጭ ሲስተም ወስዶ፣ አርማውን ለውጦ፣ በራሱ እንደጻፈው አድርጎ በጨረታ ሲያቀርብና ምንጭ ኮዱን ይዞ ሲቀር ነው። ሲስተሙ በጂፒኤል የተፈቀደ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ኮዱን የመጠየቅ መብት አለው፤ በቢኤስዲ ከሆነ ግን በውሉ ካልተጻፈ በስተቀር መብቱ የለውም፤ አቅራቢው ሲጠፋ ሌላ ባለሙያ አምጥቶ ማስጠገን አይችልም። ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፤ ሲስተሙ የተመሠረተው በየትኛው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ነው፣ ፈቃዱ የትኛው ነው፣ የተሻሻለው ምንጭ ኮድ በርክክቡ ቀን በማን እጅ ይገባል።

የመሸጥና ያለመሸጥ ልዩነት ከአሁን በኋላ በአውሮፓ የሕግ ክብደት እያገኘ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የሳይበር ተቋቋሚነት ሕግ፣ ዲጂታል ምርት የሚሸጥ ሁሉ ለምርቱ ደኅንነት ኃላፊ እንዲሆን፣ ቀዳዳ ሲገኝ እንዲደፍንና ለባለ ሥልጣን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ከንግድ እንቅስቃሴ ውጭ የሚታደል ነፃ ሶፍትዌር ከግዴታው ነፃ ነው፤ ለትርፍ ሳያስቡ ስጦታ መቀበልም እንደ ንግድ አይቆጠርም። ፕሮግራሙን በዋጋ መሸጥ፣ ወይም ለቴክኒክ ድጋፍ ከእውነተኛው ወጪ በላይ ማስከፈል ግን ንግድ ነው። ፕሮጀክቶችን ለሚደግፉ ፋውንዴሽኖች ደግሞ ቀለል ያለ ግዴታ ያለው የተለየ መደብ ተፈጥሯል። ዋና ዋናዎቹ ግዴታዎች ተፈጻሚ የሚሆኑት ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ ነው፤ ሕጉ የሚመለከተው በአውሮፓ ገበያ የሚቀርብን ምርት ሁሉ ስለሆነ፣ በነፃ ኮድ ላይ የተሠራ መተግበሪያውን በጀርመን ወይም በስዊድን ላሉ ደንበኞች በዋጋ የሚያቀርብ የአዲስ አበባ ድርጅትም ከውስጡ ነው።